ብረት እየገዙ ነው

ብረት እየቀጠቀጠ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ ትርሲት፣ ለጥያቄሽ መልስ መስጠቴ ነው። «ጋሼ፣ የመሣሪያ ፋብሪካው ቀጥሮኛል፤ እርስዎ ለምን ፊትዎ ጠቆረ? አገር ከአገር የሚዋጋው ሲጣላ ነው እንጂ ፋብሪካ ስላለ ነው እንዴ?» አልሽኝ። ክፍል ውስጥ ሳስተምርሽም እንዲሁ ፊት ለፊት ነበር የምትጠይቂኝ። እኔም በአጭሩ ብመልስልሽ በወደድኩ። ግን አልችልም፤ ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ቀጥቃጩ የሚኖርበትን አገር ከጎረቤቱ አገር የሚለየው አንድ ወንዝ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማና ምሣር የሚሠራ እሱ ብቻ ነው። እሱ ባይኖር ያ አገር አፈር አይገለብጥም ነበር። ሰዎቹ ግን በእጁ ሥራ እየበሉ እሱን ይጸየፉታል። የተሰበረ ማረሻ ይዘው ሲመጡ ከአጥር ውጭ ቆመው ይጣራሉ፤ እህሉን መሬት ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ሠርግ ቢጠራ የሚበላው ከዳሱ ውጭ ነው። መንገድ ላይ ሲያልፍ እናቶች «ዓይኑ ያስፈራል» እያሉ የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። በየቤቱ ደጃፍም አፏ የተሸረፈች ቅል ትሰቀላለች፤ የቀጥቃጩ ቤተሰብ ውሃ ቢጠማው የሚሰጠው በዚያች ቅል ነው።

ለራሱስ ለምዶታል። ሊለምደው ያልቻለው በልጁ ነው። ሁለት ልጆች ከቀበረ በኋላ የተወለደች ፈንታነሽ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። እሷ በዚያች ቅል ስትጠጣ ባየ ቁጥር መዶሻውን አስቀምጦ ፊቱን ያዞር ነበር።

ወንዙ አንድ ክፉ አመል ነበረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ መንገዱን ይቀይራል። በዳሩ ያለው ጨፌ፣ ከብቶች የሚግጡበት ለምለም መስክ፣ አንድ ዓመት ወደዚህ ይሆናል፣ ሌላ ዓመት ወደዚያ። ስለዚህ በየዓመቱ ጠብ አይጠፋም። እረኞች ይሰዳደባሉ፤ በዱላ ይፈነካከታሉ። መስከረም ሲጠባ ግን ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይወጡና የወንዙን ዳር አብረው ይሄዳሉ። እየተነታረኩ፣ ደግሞም እየተቀላለዱ፣ የወሰን ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ከወዲህ ወገን ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አንድ ቁጡ ሰው ነበሩ። እግራቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ ሆኖም በበቅሎም በዱላም ብለው ከወንዙ ዳር ቀርተው አያውቁም።

አንድ ዓመት የእረኞቹ ጠብ ከረረና ሰው ሞተ። የአገሩ ገዥ ደነገጠ። ሽማግሌዎቹን ለዕርቅ ላከ፤ ነገሩ እስኪለይለት ደግሞ ቀጥቃጩን አስጠርቶ ጦር እንዲሠራ አዘዘው።

ቀጥቃጩ ከዚያ በፊት ለነብር መከላከያ ካልሆነ ጦር ሠርቶ አያውቅም። የያዘውን ሁሉ አሳምሮ የሚሠራ ሰው ነበርና ያንንም አሳምሮ ሠራው። ገዥው በእጁ መዘን አድርጎ፣ ጫፉን በጣቱ ዳስሶ፣ «እንዲህ ያለ እጅ በአገሬ ኖሯል እንዴ!» አለ። ከዚያም «ግባ» አለው።

ገባ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እኩል መደብ ላይ ተቀመጠ። ጠጅ በብርሌ ቀረበለት። የእጁ ጥቀርሻ ብርሌውን እንዳያቆሽሸው ፈርቶ በጋቢው ጫፍ ያዘው።

ጦር ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሠራም። ከኮረብታው ላይ ከሰል አክሳዮች ተሰማሩ። ሌሎች ለሶማያ፣ ለጦሩ እጀታ፣ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ከጫካ እየቆረጡ፣ እየላጉ ያመጣሉ። ቆዳ ፋቂው ለጋሻ የሚሆን የበሬ ቆዳ ይወጥራል። አህያ ነጂው ከቆላ ብረት ይጭናል። ለእነዚህ ሁሉ ጠላ የሚጠምቁ፣ ንፍሮ የሚቀቅሉ ሴቶች ደግሞ ነበሩ። በዚያ ምድጃ ዙሪያ ስንት ጎጆ ጢሱ ወጣ መሰለሽ! ወዝ አጥቶ የኖረው የከሰል አክሳዩ ሚስት ፊት እንኳ አማረበት። ያ ደስታ ክፉ ደስታ አልነበረም፤ የጠገበ ልጅ የማየት ደስታ ነው።

ለቀጥቃጩ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መጣለት። ከባለርስት ቤት የተወለደ አንድ ጎበዝ ፈንታነሽን አይቶ ወደዳት። አባቱም፣ ያ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራ የነበረው ሰው፣ ሽማግሌ ላከ። የቀጥቃጭ ልጅ ከባለርስት ቤት ልትገባ! የቀጥቃጩ ሚስት ወሬውን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ታዲያ ምን ሆነ? ለዕርቅ የተላኩት ሽማግሌዎች አስታረቁ። የሟች ወገን ካሳውን ተቀበለ፤ የወሰኑ ድንጋይ ተቀመጠ፤ አገር ሰላም ሆነ። ጦሮቹ ከገዥው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ኮረብታው ላይ ጢስ ጠፋ። አህያ ነጂው አህዮቹን ሸጠ።

ቀጥቃጩም ገዥው ቤት ሲሄድ አጋፋሪው ከበሩ አጠገብ አስቀመጠው። በሌላ ቀን ሲመለስ ደግሞ «ዛሬ ጌታዬ እንግዳ አላቸው» ብሎ ከውጭ መለሰው። የጎበዙ አባት «ሠርጉን ለከርሞ እናስበዋለን» የሚል ቃል ላከ። ይህንን ሁሉ ቻለው። አንድ ቀን ግን ፈንታነሽ ከጎረቤት ውሃ ጠጥታ ተመለሰችና ከጥግ ተቀመጠች። «ምን ሆንሽ?» ቢላት «ምንም» አለች። በምን እንደሰጧት አልጠየቃትም። ገባው።

በማግስቱ ሆዱ ሲከፋው እህቱን ሊጠይቅ ወንዙን ተሻገረ። እህቱ ማዶ የተዳረች ናት፤ ባሏም የማዶ ሰዎች ቀጥቃጭ ነው። ሲደርስ በምድጃው አጠገብ ብረት ተከምሮ አየ።

«ምን ልታደርገው ነው ይሄን ሁሉ?» አለው።

«ማረሻ ነዋ!» አለ የእህቱ ባል ላቡን እየጠረገ። «ዳገቱን መንጥረው ሊያርሱት ተነሥተዋል። ሰዉ ሁሉ ማረሻ ማረሻ ይለኛል፤ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

«ቆመህ ከምታይ አታግዘውም?» አለች እህቱ እየሳቀች። እሱም አገዘው። ሁለቱ ወናፉን እየተቀባበሉ ዋሉ። ሲመለስ ቀለል ብሎት ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሸንጎ ተጠራ። ወንዙ በዚያ ዓመትም መንገዱን ቀይሯል፤ ጨፌው በሙሉ ወደ ማዶ ሆኗል። የማዶ ሰዎች እንደ ወትሮው «ኑና ድንጋይ እናስቀምጥ» ብለው ልከዋል። ቁጡው ሽማግሌ ጫማቸውን አድርገው፣ በቅሎአቸውን አስጭነው ነበር ሸንጎው ላይ የተገኙት፤ ለእሳቸው ነገሩ ያለቀ ነገር ነው። ገዥው ግን ልቡ አላረፈም። ባለፈው ሰው ሞቶ ነበርና ተጠራጠረ። ዓይኑን በሰዉ ላይ ሲያዞር ከሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር የቆመውን ቀጥቃጭ አየ።

«አንተ፣ እህትህ ማዶ ናት። ባሏ ለእነሱ ይቀጠቅጣል። ክረምት ሳይገባ ሄደህ ነበር አሉኝ። ምን አየህ?»

ሰዉ ዘወር ብሎ መንገድ ለቀቀለት። መሬት ላይ የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡለት። በመካከል ሲያልፍ የከሰል አክሳዩን ዓይን አየ፤ የቆዳ ፋቂውንም አየ። የሠርጉን ቀን ለከርሞ ያለው ባለርስትም አንገቱን አስግጎ እየጠበቀው ነበር። ቃሉ በአፉ ሙሉ ነበር፤ ከነጅራቱ፣ ምንም ያልጎደለው። ገዥው ፊት ሲደርስ ግን ግማሹን አወጣው።

«ብረት እየገዙ ነው» አለ። ከዚያም «ብዙ ብረት» ብሎ ጨመረ።

«ከሰልም እንደዚሁ!» አለ ከሰል አክሳዩ ብድግ ብሎ። «ከእኛ ሰዎች ዘንድ ድረስ መጥተው ሲያፈላልጉ ነበር።» ይህም እውነት ነው።

«የበሬ ቆዳም ማዶ ገበያ ላይ ተወዷል» አለ ቆዳ ፋቂው። ይህም እውነት ነው፤ ቀንበር ለሚታሰርበት ጠፍር ነበር የሚፈልጉት።

«ቆይ አንተ ሰው» አሉ ሽማግሌው በዱላቸው ቀጥቃጩን እያመለከቱ። «ብረቱን ለምን እንደሚገዙት የእህትህን ባል ጠየቅኸው?»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ አባቴ።»

«ያየኸውንማ ሰማን። የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

ቀጥቃጩ መሬት መሬት አየ። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ «ለማረሻ» የምትል። ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን ያችን ቃል ለብቻው ሲላት ኖሯል! በዚያች ሰዓት ግን ጫጫታው ተነሣና የሽማግሌው ድምፅ ተዋጠ። ገዥውም ሽማግሌዎቹ እንዳይሄዱ፣ ምድጃው እንዲነድ አዘዘ።

ጢስ ከኮረብታው ላይ እንደገና ወጣ። ቀጥቃጩ ከመደብ ላይ ተቀመጠ። የፈንታነሽ ሠርግ ተደግሶ እሷም በዳሱ መካከል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። አባቷ ያን ቀን ያየውን ደስታ እኔም ልነቅፈው አልችልም።

የመዶሻው ድምፅ ግን ወንዝ አያግደውም። አንድ ቀን እህቱ መልካውን ተሻግራ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ወንድሜ፣ ምን አድርገናችሁ ነው?» አለች።

«ምን ተፈጠረ?»

«መዶሻችሁ ሲሰማ ባሌን ጠሩት። የወዲያዎቹ የሚሠሩት ምንድን ነው አሉት። ምን ይበል? ቀጥቃጭ እኮ ነው፣ ከድምፁ ያውቃል። ጦር ነው አላቸው። አሁን ማረሻውን ትተህ ጦር ሥራ ተብሏል። ወጥኖት የነበረውን ማረሻ ሁሉ እያሾለው ነው።»

ቀጥቃጩ እሷን ሸኝቶ እንደ ቆመ ወደ ገዥው ቤት ሄደ። አጋፋሪው ጎንበስ ብሎ አስገባው።

«ጌታዬ፣ ሸንጎው ላይ ሳልጨርሰው የቀረሁት ነገር አለ» አለና ሁሉንም ተናገረ።

ገዥው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «አሁንስ የእህትህ ባል ምን እየሠራ ነው?» አለው።

«አሁንማ... ጦር ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የተናገርኸው ልክ ነበር።»

«ያኔ ልክ አልነበረም!»

«እኔ ያኔን አልገዛም፤ የምገዛው ዛሬን ነው።» ከዚያ ክንዱን ይዞ ወደ ደጅ አወጣውና ኮረብታውን አሳየው። «ያንን ጢስ እይ። ከሥሩ ስንት ሰው እንደሚበላ ታውቃለህ? ዛሬ ሽማግሌ ልኬ ነገሩን ባበርደው፣ ደጄ ላይ የሚጮኹት የማዶ ሰዎች አይደሉም። የራሴ ናቸው። ወደ ምን ልመልሳቸው? አንተስ ፈንታነሽን ወደ ቤትህ ትመልሳታለህ?»

ቀጥቃጩ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ፤ እሳቸው እንኳ ቢረግሙት ብሎ። ነገራቸው። እሳቸው ግን የሚያማቸውን እግር እያሻሹ «ያን ቀን ጠይቄህ ነበር» አሉት።

ጦርነቱን አልተርክልሽም። አዝመራው ሳይታጨድ፣ ጤፉ እንደ ቆመ ተጀመረ። ሁለቱም ወገኖች የቆሙለት ጨፌ በሰውና በፈረስ እግር ተረጋግጦ ጭቃ ሆነ። የፈንታነሽን ባል በቃሬዛ አምጥተው ከአባቱ ደጅ አወረዱት። ነፍሱ ወጥታ ነበር፤ ጦሩ ግን ከጎኑ አልወጣም። እንዲያ አድርጎ መቅበር ነውር ሆነባቸው። ለማውጣት ደግሞ ጉጠት ያስፈልጋል፤ ጉጠት ያለው ያው አንድ ሰው ነው።

ጠሩት፤ መጣ። ልጁ ከራስጌ ቆማ እያየችው ከአማቹ ጎን ተንበርክኮ ሳበው። ሲወጣ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ለጦር የማይሆን ወፍራም ብረት ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ለማረሻ ተብሎ የተወጠነ፣ በችኮላ ጫፉ ብቻ የሾለ። የእህቱን ባል እጅ አወቀው። ከዚያም አልፎ ብረቱን ራሱን አወቀው፤ ወናፉን እየነፋ ሲያጋግለው የዋለው ብረት ነው።

ፈንታነሽ «ምንድን ነው የምታየው አባዬ?» አለችው።

«ምንም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ቀጥቃጩን የወቀሰው ሰው የለም። እንዲያውም ክብሩ ጨመረ። የሞተ ላለበት ሁሉ በቀል አለና፣ ለበቀልም ጦር ያስፈልጋልና፣ ሰዎች ከመደብ ላይ አንሥተው ከራሳቸው በላይ ያስቀምጡት ጀመር። «ይህ ሰው ቀድሞ ባይነግረን ኖሮ አልቀን ነበር» ይሉታል። አንድ ሁለቴ «እንዲያ አይደለም» ሊል ሞከረ። ትሕትና መሰላቸውና ጭራሽ ወደዱት። በድያለሁ ብሎ ይቅርታ የሚለምነው አጣ፤ ተበድያለሁ የሚል ማንም አልነበረምና። ማረሻ ግን በዚያ ዓመት በሁለቱም አገር አልተሠራም። ረኀቡ ሲመጣም ሰዉ ያማረረው ማዶዎቹን ነው።

ፈንታነሽ ከል ለብሳ ከአባቷ ቤት ተመለሰች። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ «አባዬ፣ አክስቴ ሸንጎ ላይ ዋሽተሃል ትላለች። እውነት ነው?» አለችው።

«አልዋሸሁም» አላት።

ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀጥላ እንድትጠይቀው ተመኘ፤ አንድ ጊዜ ደግማ ብትጠይቀው ሁሉንም ሊነግራት ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ወጣች። ዳግመኛም ስለዚያ ቀን አንሥታበት አታውቅም። እሱም እስኪሞት ድረስ እንድትጠይቀው ሲጠብቅ ኖረ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ጠብ ነው ጦርነት የሚያመጣው ብለሻል። ጠቡማ በየዓመቱ ነበረ። በየዓመቱም አንድ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ በበቅሎ ሄደው ያበርዱት ነበር። በዚያ ዓመት የተለየው ጠቡ አይደለም፤ በጠቡ እንጀራ የሚበላው ሰው መብዛቱ ነው። አገር ማለት ያ ሸንጎ ነው። አገሮች ለጦርነት ሲነሡ ከመካከላቸው አንድ ክፉ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ያገኘሁት እያንዳንዱ ግማሽ እውነት ይዞ የቆመ ብዙ ደግ ሰው ነው። ቀጥቃጩን ብቻ አትኮንኚ። ለማረሻው ከደጅ አስቁመውት ለጦሩ ከመደብ ያስቀመጡትም እዚያው ሸንጎ ላይ ነበሩ።

ፋብሪካችሁ ከተከፈተ ወዲህ በዚህች ከተማ ያልተለወጠ የለም። ቤት አከራዩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ባለ ባጃጁ ሁሉ ቀና ብሏል። እኔ የማስተምርበት ክፍል ጣሪያ እንኳ የፋብሪካው ስጦታ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ አይርሱም፣ እኔም ደስ ይለኛል። ስለዚህ አትግቢ ልልሽ አፍ የለኝም። እናትሽም ያንቺን እጅ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

ግን ሥራሽን አሳምረሽ የምትሠሪ ልጅ ነሽ፤ ስለዚህ ያከብሩሻል። ካከበሩሽ በኋላ አንድ ቀን ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት «የወዲያዎቹ ምን እየሠሩ ነው? አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ንገሪን» ይሉሻል። አንቺ አትዋሺም። ያየሽውን ትናገሪያለሽ። ከዚያ የቀረችው ቃል አፍሽ ላይ ትመጣለች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያችን ቃል እንዳታወጪ እየለመነሽ ይሆናል። ዝም ብትይ የሚቆጣሽ የለም። ያመሰግኑሻል።

ለዚህ ነው ልጄ፣ ፊቴ የጠቆረብሽ።